ሙዚቃ በብርሃን ሲጓዝ

ከቤት የሙዚቃ መሣሪያዎች ሁሉ ልቤ የሚያደላው ለኦፕቲካል ገመድ ነው። የጃፓኑ ቶሺባ በ1983 እ.ኤ.አ. የሲዲ ማጫወቻውን ለማገናኘት ሠራው፤ ዛሬ ደግሞ ሙዚቃን ከኢንተርኔት የሚቀበለውን ስትሪመር፣ በቁጥር የመጣውን ሙዚቃ ወደ ድምፅ ከሚመልሰው ዳክ ጋር ያገናኛል። ውስጡ መዳብ የለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀጭን የፕላስቲክ ክር ነው። ጫፉ ላይ የሚታየው ቀይ ብርሃን በሲዲ ልክ ሲሆን ለእያንዳንዱ የድምፅ መስመር በሰከንድ 44,100 ልኬቶችን ይሸከማል።

የምወድለት ግን ከሁሉ በላይ ኤሌክትሪክ አለማስተላለፉን ነው። መሣሪያዎች በመዳብ ሽቦ ሲያያዙ በመሬት መስመራቸው በኩል እየዞረ ከድምፅ ማጉያው የሚወጣ ጉርምርምታ አለ፤ የሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን እየሳሳ ሲሄድ የመጨረሻውን ርግብግቢት የሚሸፍነው እሱ ነው። ብርሃን ይህን ጉርምርምታ አያሻግርም።

ገመዱ ከ96 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 96,000 ልኬቶች) በላይ ለተቀረጸ ሙዚቃ ብዙ ጊዜ አይመችም፤ ለዚያ ዩኤስቢ ይሻላል። እጥፋትም አይወድም። በአንድ መደርደሪያ ላይ ላሉ መሣሪያዎች ግን በደንብ የተሠራ አጭርና ርካሽ ገመድ ይበቃል። ውዱን መግዛት አያስፈልግም፤ የተረፈው ገንዘብ ለድምፅ ማጉያው ይዋል።