ሊማሊሞን በሞተር ሳይክል

ስኮትላንዳዊው ኬን ማኪንሌይ ስፒድዌይ በሚባለው ውድድር ይወዳደርበት የነበረው ሞተር ሳይክል ፍሬን የለውም፤ ማርሹም አንድ ብቻ ነው። አራት ተወዳዳሪዎች ሞላላውን መም አራት ጊዜ ይዞራሉ፤ ኩርባው ሁሌም ወደ ግራ ነው፤ የኋላው ጎማ እየተንሸራተተ ሞተሩን የሚያዞረው የጋላቢው ብልሃት ነው። ማኪንሌይ እ.ኤ.አ. በ1965 የዌስት ሃምን የስፒድዌይ ቡድን በአምበልነት መርቶ የብሪታንያ ሊግ አሸናፊ አድርጓል።

የደባርቅ ሞተረኛ መም የለውም። ሊማሊሞ ግን አለው።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ከገደሉ ተፈልፍሎ የወጣው ይህ መንገድ ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ከአናቱ ያለው ወልቀፊት የጣሊያን ምሽግ ነበር፤ እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው። ዛሬ እዚያ የሚደነቀው የሞተረኛው እጅ ነው። ቁልቁለቱን የሚያውቅ ሰው ፍሬኑን አጥብቆ ይዞ አይወርድም፤ ፍሬኑ ይግላል፣ ይከዳል። ማርሹን ዝቅ አድርጎ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘው ያደርጋል። ኩርባው አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ ነው፤ ከወዲያ በኩል የጭነት መኪና ይምጣ ወይም የከብት መንጋ፣ ሳይጠመዘዝ አይታይም።

ሽቅቡም የራሱ ጣጣ አለው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ያለች ናት። አየሩ ሲሳሳ ካርቡረተር ያለው ሞተር ቤንዚኑ ይበዛበትና ጉልበቱ ይደክማል። ከኋላው ሰውና ጆንያ የጫነ ሞተረኛ በክረምት ጭጋግ ውስጥ የሞተሩን መድከም በጆሮው ለይቶ፣ ሞተሩ ሳያጓራ ማርሽ ቀንሶ ዳገቱን ሲወጣ፣ ችሎታው ከማኪንሌይ ጎን ይቆማል።