ጥቁሩ ዝም ብሎ አልጠበቀም

«መከላከል የፈሪ ጨዋታ ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉን። በቼዝ ብቻ አይደለም፤ ግጥም ሲያነቡም እንዲሁ ናቸው፤ በመጀመሪያው ስንኝ ያልጮኸ ግጥም አይጥማቸውም። እንግዲያው እ.ኤ.አ. በ1927 በኒው ዮርኩ ውድድር ኒምዞቪች በነጭ፣ ያኔ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ካፓብላንካ በጥቁር የተጫወቱትን ጨዋታ እንደ አንድ ድርሰት ያንብቡልኝ።

ካፓብላንካ የመረጠው ካሮ ካን የሚባለውን መከላከያ ነው። ጌጥ የለውም። ነጭ በሦስተኛው እርምጃ ወታደሩን ገፍቶ የጥቁርን ክልል ረገጠ። ጥቁር ግን አልደነገጠም፤ ከወታደሮቹ ጀርባ ታፍኖ ሊቀር የሚችለውን ቢሾፕ ቀድሞ አወጣና በነጭ ጥሩ ቢሾፕ ለወጠው። እንዲያው ሲያዩት ተራ ነገር ነው፤ ቁም ነገሩ ግን እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ የነጭ ሠፈር ነጫጭ ቤቶች ጠባቂ አጡ።

በ16ኛው እርምጃ የነጭ ትዕግሥት አለቀ። ፈረሱን ለማባረር ብሎ ከገዛ ንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ወረወረው። ፈረሱ ቢሾፕ በልቶ ሞተ፤ የጥቁር የዳር ወታደር ወዲያው ተነሣ፤ የነጭም ወታደር አልፎ ሲሄድ ለሁለተኛው ፈረስ የሚመች ቤት ተለቀቀ።

ጨዋታው ጉድለት የለውም አልልም። ከ22ኛው እስከ 26ኛው እርምጃ ጥቁር ፈረሱንና ሩኩን ወዲያ ወዲህ ሲያመላልስ አንባቢ ይሰለቻል። ታዲያ በዚያን ጊዜ ነጭ ምን ሠራ? እሱም ሩኩን ከማመላለስ በቀር የሚሠራው አጣ! በመጨረሻ የጥቁር ሩኮችና ንግሥት በተከፈተው በር ገቡ፤ በ46ኛው እርምጃ፣ ጥቁር ምንም ሳይሠዋ፣ ነጭ እጁን ሰጠ።

የሚያስገርመው፣ ኒምዞቪች ተጋጣሚን አግዶ ስለ መያዝ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው። እዚህ ግን ራሱ የገፋቸው ወታደሮች አጥር ሆነውበት ታገደ።

«ነጭ ባይሳሳት ጥቁር አያሸንፍም ነበር» ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን የሚመታው ነገር ያጣ ሰው ነው እንዲያ የሚሳሳተው። በዚህች መጽሔት ከምናወጣቸው ግጥሞች፣ የእኔም ጭምር፣ ስንቶቹ ይሆኑ 16ኛው እርምጃ ላይ የወደቁት?