ያልተዋሐዱ የሰው እንቁላሎች ጥናትና የፍርድ ስሕተት

በቦረና፣ በወግዲ፣ በሳይንትና በከላላ ደጋ አንዲት ሴት አግብታ ሦስት አራት ዓመት ሳትወልድ ብትቀር፣ ብዙ ጊዜ መካን የሚል ስም ይወጣላታል። ባልዋ ግን ሳይመረመር በነፃ ይለቀቃል፤ ሌላ እንዲያገባም ይመከራል። በግዕዝ መካን ማለት ስፍራም ነው፤ የማትወልድም ናት። መካነ ሰላም ከተማ የመጀመሪያውን ትርጕም ይዛለች፤ ሁለተኛው ግን የስንቱን ቤት ሰላም አፍርሷል።

ይህን ፍርድ ብዙዎቻችን ያለመማር ውጤት ነው እንላለን። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናሳይ የምንፈልገው ግን ያው የፍርድ ስሕተት በላቦራቶሪም ውስጥ ሊፈጸም እንደሚችል ነው።

እንደሚታወቀው የሰው ሴል 46 ክሮሞሶሞች አሉት። ይህንንም ቍጥር ትዮና ሌቫን የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1956 አሳትመው አስታወቁ። የበሰለች እንቁላል 23 ክሮሞሶሞች ይዛ የወንዱን ዘር ትጠብቃለች፤ እያንዳንዱም ክሮሞሶም ገና ጥንድ ክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ከማሕፀን ውጭ የተፀነሰችው የመጀመሪያዋ ሕፃን በእንግሊዝ አገር ከተወለደች ወዲህ፣ በሳሕን ውስጥ ከዘር ጋር ተገናኝተው ሳይዋሐዱ የቀሩትን እንቁላሎች ቀለም እየቀቡ በማይክሮስኮፕ መመርመር የተለመደ ጥናት ሆኗል። በአገራችንም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ይህን ሕክምና የሚሰጥ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ተከፈተ፣ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

በእነዚህ ጥናቶች 22 ወይም 24 ክሮሞሶሞች ያሏቸው እንቁላሎች ይገኛሉ። ከዚህም ተነሥቶ «እንቁላሊቱ ያልተዋሐደችው ክሮሞሶምዋ ስለ ተዛባ ነው» ማለት ይቀናል። እኛ ግን በዚህ አባባል ላይ ሦስት መቃወሚያዎች አሉን።

አንደኛ፣ ጉድለት ማግኘት ምክንያት ማግኘት አይደለም። 24 ክሮሞሶሞች ያላት እንቁላል ልትዋሐድ ትችላለች። ለዚህም ምስክሩ ዳውን ሲንድሮም ነው። ሌዠንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1959 እንዳስታወቁት፣ ይህ ሁኔታ ያለበት ልጅ 47 ክሮሞሶሞች አሉት፤ ትርፉ 21ኛ ክሮሞሶምም በአብዛኛው ከእናት እንቁላል የሚመጣ መሆኑ ኋላ ታውቋል። ያቺ እንቁላል ባትዋሐድ ኖሮ ልጁ ባልተወለደ ነበር።

ሁለተኛ፣ ቍጥሩ ራሱ መጠርጠር አለበት። ክሮሞሶሞች ሲከፋፈሉ አንዱ ወገን ቢያተርፍ ሌላው ይጎድልበታል፤ ስለዚህ ጎዶሎዎቹና ትርፎቹ በብዛት ሊቀራረቡ ይገባል። በተግባር ግን ጎዶሎዎቹ ይበልጣሉ፤ እንቁላሊቱ በመስተዋት ላይ ስትዘረጋ ክሮሞሶም እየተበተነ ይጠፋልና። ስለዚህ ጠንቃቆቹ ተመራማሪዎች ትርፉን ብቻ ቈጥረው በሁለት ያባዙታል። ከዚህም ሌላ አንድ ሁለት ቀን በሳሕን የቈየች እንቁላል ስለምታረጅ፣ ጥንዶቹ ክሮች ያለ ጊዜያቸው ሊላቀቁ ይችላሉ። ይህ ከሽንፈቱ በኋላ የመጣ እንጂ ሽንፈቱን ያመጣ አይደለም።

ሦስተኛ፣ «ያልተዋሐደ» የሚለው አንድ ስም ብዙ ነገሮችን ይሸፍናል። አንዳንዷ እንቁላል ገና አልበሰለችም። ወደ ሌላዪቱ ዘር ጭራሽ አልገባም። በሌሎች ደግሞ ዘሩ ገብቶ እንቁላሊቱ ሳትነቃ ቀርታለች። በዚህ ጊዜ የሴሉን አቋም አጥብቆ ለተመለከተ፣ ከእናቲቱ 23 ጥንድ ክሮች አጠገብ የአባትዮው ቀጫጭን ነጠላ ክሮች ይታያሉ። ዘሩ እንቁላሊቱን የሚቀሰቅሰው ፒ.ኤል.ሲ. ዜታ በሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በታወቀ ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን ከጎደለ የካልሲየም ሞገድ በሚገባ አይነሣም፤ እንቁላሊቱም እንደ ተኛች ትቀራለች። እንግዲህ ሽንፈቱ የታየው በሴቲቱ እንቁላል ውስጥ ቢሆንም፣ ምንጩ ከወንዱ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የእነዚህ ጥናቶች እውነተኛ ጥቅምም እዚህ ላይ ነው፤ ክሮሞሶም ከመቍጠር አልፈው ማን ምን እንዳላደረገ ይለያሉ።

ይህ ሁሉ ሲባል የልጅ ማጣት ምክንያት በሙሉ በክሮሞሶም ላይ ይውደቅ ማለታችን አይደለም። በአፍሪካ በኢንፌክሽን ምክንያት የሚደፈን የማሕፀን ቱቦ ዋና ምክንያት ነው። የወንዱም ድርሻ፣ ብቻውን ወይም ከሴቲቱ ጋር ሆኖ፣ ወደ ግማሽ በሚጠጋው ይገኛል።

ስለዚህ ጓደኞቻችን እንዲህ ያለ የጥናት ዘገባ ሲያነቡ ሦስት ጥያቄ እንዲጠይቁ እናሳስባለን፦ እንቁላሎቹ ስንት ሰዓት በሳሕን ቈዩ? ከተዋሐዱት ጋር ተነጻጽረዋልን? የወንዱ ክሮሞሶም ተፈልጎአልን? ለዕረፍት ወደ ደጋው ሲወጡም፣ አንዲት ሴት በመካንነት ከትዳርዋ ልትሰናበት ሽማግሌ በተቀመጠበት ቦታ፣ የባል ዘር በማይክሮስኮፕ ይታይ ብለው ይናገሩ። ይህ ምርመራ ዘር ሰጥቶ ውጤት ከመጠበቅ በቀር በባል ላይ የሚያደርሰው ችግር የለም፤ ሳይመረመር የሚሰጠው ፍርድ ግን የአንዲትን ሴት ኑሮ ያፈርሳል።