«የራዶን ጋዝ ምርመራ መስፈርት» ስለሚለው ስያሜ

ራዶንን በአዲስ ሕንፃ ውስጥ የመለካትን ግዴታ በአማርኛ ለመሰየም ቶሎ ወደ አፍ የሚመጣው «የራዶን ጋዝ ምርመራ መስፈርት» የሚለው ነው። ከአራቱ ቃላት ሦስቱ ቦታቸውን የሳቱ ይመስሉናል። ራዶን በአፈርና በዓለት ካለው ዩራኒየም መፈራረስ ተገኝቶ በወለል ስንጥቅ ወደ ቤት የሚገባ፣ በብዙ አገሮችም ከትምባሆ ቀጥሎ ዋነኛ የሳንባ ነቀርሳ መንስኤ የሆነ ነገር ነው፤ ስለዚህ የስያሜው ስሕተት ቤት ድረስ ይዘልቃል።

ከሁሉ የከፋው «ጋዝ» ነው። ከስምጥ ሸለቆው ዳርቻ፣ በዳሞታ ተራራ ሥር በወላይታ ሶዶ ቤት ለሚሠራ ሰው ጋዝ ማለት በፋኖስና በምድጃ የሚነደው ነጭ ጋዝ ነው፤ በጠረኑ ይታወቃል። ራዶን ግን ጠረንም መልክም የለውም። «ጋዝ ይኖራል» የተባለ ባለቤት አሽትቶ፣ ምንም አጥቶ፣ በሰላም ይተኛል። ቃሉ በኬሚስትሪ መጽሐፍ ይኑር፤ ለነዋሪ በሚጻፍ መመሪያ ግን «ራዶን፣ ይኸውም ከመሬት የሚወጣ ጨረራ አመንጪ አየር» ቢባል እንመርጣለን። አየር የብዙ ነገሮች ድብልቅ ነው ብለው የኬሚስትሪ ሊቃውንት ይቃወሙን ይሆናል። ይቃወሙ፤ የምናቀርበው ማብራሪያ እንጂ ብያኔ አይደለም። «ጨረራ» ከ«ጨረር» ተለይቶ በሕግ ቋንቋ ስለ ጸና አንነካውም።

«ምርመራ» ሐኪምንና ፖሊስን ያስታውሳል፤ ውጤቱም ቶሎ የሚጠበቅ ነው። የራዶን መጠን ግን በየዕለቱና በየወቅቱ ስለሚለዋወጥ አነስተኛ መለኪያ በክፍሉ ውስጥ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ቢቀመጥ ይመረጣል። ይህ «ልኬት» ነው።

«መስፈርት» ደግሞ ሁለት ነገር ያደባልቃል። የመለካቱ ጉዳይ ግዴታ ነው፤ መስፈርት ሊባል የሚገባው ውጤቱ የሚመዘንበት መጠን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መጽሐፍ ይህን መጠን በሜትር ኩብ 100 ቤኬሬል፣ ይህ ካልተቻለም ከ300 ያልበለጠ እንዲሆን መክሯል። (100ውን «የተፈቀደ መጠን» የሚሉ ተርጓሚዎች ከዚያ በታች ጉዳት የለም ያሰኛሉ፤ ድርጅቱ ይህን አላለም።) «መስፈርት» የሚለው ቃል «ቅድመ ሁኔታ» ወደሚለው ሲንሸራተት ደግሞ ጣጣው ይበዛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የግንባታ ፈቃድንና የመጠቀሚያ ፈቃድን ለይቷል። ከግንባታ በፊት ሊጠየቅ የሚችለው መከላከያው ነው፤ ማለትም ከወለሉ ኮንክሪት ሥር የሚነጠፈው ፕላስቲክና አየሩን ወደ ውጭ የሚያወጣው ቧንቧ በንድፉ መታየታቸው። ልኬቱ የሚቻለው ጣሪያው ተከድኖ በሩ ከተገጠመ በኋላ ነው። ሁለቱን የማይለይ ትርጉም ባለቤቱን ገና ያልተሠራ ቤት አየር ውጤት አምጣ ያሰኘዋል።

በዞኑ መመሪያ ከአማርኛ ወደ ወላይትኛ ሲዞር ችግሩ ይብሳል። በ1992 ዓ.ም. ወጋጎዳ በተባለው የመማሪያ መጻሕፍት ቋንቋ የተነሣ በሶዶ የደረሰውን የምናስታውስ፣ ከጽሕፈት ቤት የወረደ ቃል ሁሉ እንደማይያዝ እናውቃለን። «ራዶን ጋዝ» ለወላይታው ተርጓሚ ሁለት ባዕድ ቃል ያስረክበዋል፤ «ከመሬት ወደ ቤት የሚገባ አየር» ቢባል ግን «ቢታ» እና «ኬታ» የሚሉትን ከራሱ ቋንቋ አውጥቶ ይጽፋል።