ስታክ ስለሚያደርግ ኮምፒውተር

ፈጽሞ አልነሣ ያለ ኮምፒውተር ለጠጋኝ ቀላል ነው፤ ብልሽቱ ከስፍራው ሳይነቃነቅ ይጠብቀዋልና፣ ቢሻው ዛሬ ቢሻው ነገ እየመረመረ ይደርስበታል። የሙያውን ትዕግሥትና ዕውቀት በእውነት የሚፈትነው ግን ሁለት ሦስት ቀን በሰላም ሠርቶ፣ ባለቤቱ የተማሪዎቹን የፈተና ጥያቄ ጽፎ ሊጨርስ ሲል በድንገት ስታክ የሚያደርገው፣ ወይም ማንም ሳይነካው ራሱን በራሱ ሪስታርት አድርጎ ሴቭ ያልተደረገውን ሁሉ የሚያጠፋው፣ ወደ ጠጋኙ ጠረጴዛ በመጣ ጊዜ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያለ አንዳች እንከን ሲሠራ የሚውለው ነው።

በቦንጋ ከተማ በዚህ ሥራ ስኖር ከደንበኞቼ አዘውትሬ የምሰማው «ምንም ሳልነካው ዝም ብሎ ይጠፋል» የሚል አቤቱታ ነው። ባለ ንብረቱ እንዲህ ቢል አልነቅፈውም፤ ነገር ግን ያለ ምክንያት የሚሆን ነገር በሥነ ፍጥረት ሥርዓት ውስጥ ስለማይገኝ፣ ጠጋኙ ራሱ ይህን አምኖ ሥራ የጀመረ እንደ ሆነ ከመነሻው ድል ተነሥቷል። እንዲህ ያለው ብልሽት ሁሉ የራሱ ሰዓትና የራሱ ሁኔታ አለው፤ ሰዓቱንና ሁኔታውን ጽፎ የያዘ ሰው ስለሌለ ብቻ ሥርዓት የሌለው መስሎ ይታያል።

ኮምፒውተር ያለ ምክንያት ይበላሻል ከሚለው እምነት የሚወለደው ክፉ ልማድ ኮምፒውተሩ እንደ ገባ ፎርማት ማድረግ ነው። ፎርማት ቫይረስ የገባበትን ወይም ድራይቨሩ የተበላሸበትን ኮምፒውተር እንደሚያድን አልክድም፤ ይሁን እንጂ የብልሽቱ መነሻ ሳይታወቅ የተደረገ እንደ ሆነ ማስረጃውን ሁሉ ይደመስሳል። ዊንዶውስ በየዕለቱ የሚያጋጥመውን ነገር ኢቨንት ቪወር ከፍተን በምናነበው መዝገብ ይጽፋል፤ ሰማያዊው የስሕተት ገጽ በታየ ጊዜም የዚያችን ቅጽበት ሁኔታ ሚኒደምፕ በሚባል ፋይል ያኖራል። ከርነል ፓወር 41 የሚል ጽሑፍ በመዝገቡ ቢገኝ፣ ትርጓሜው ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ ዳግመኛ ተነሥቷል ማለት ብቻ ነው፤ ከእርሱ ጋር የሚመዘገበው የስሕተት ቍጥር ደግሞ ዜሮ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ዊንዶውስ የደረሰበትን ለመጻፍ እንኳ ፋታ አላገኘም ማለት ነውና፣ ጥርጣሬያችን ከሶፍትዌሩ ይልቅ ወደ መብራቱ፣ ወደ ፓወር ሰፕላዩና ወደ ሙቀቱ ማዘንበል ይገባዋል። ይህን ሁሉ ምስክርነት አጥፍቶ ገንዘብ መቀበል፣ በእኔ ፍርድ፣ ለሙያው ነውር ነው።

የቀደሙ ሊቃውንቶቻችን መጽሐፍ ሲተረጕሙ አንድን ቃል በአንድ ፍቺ አይዘጉትም፤ የመጀመሪያውን ትርጓሜ ካስቀመጡ በኋላ «አንድም» ብለው ሁለተኛውን፣ ዳግመኛም «አንድም» ብለው ሦስተኛውን ያመጣሉ፤ አንዱ ሌላውን ሳይሽረው ሁሉም በደቀ መዝሙሩ ኅሊና ይቀመጣሉ። እኔም ስታክ የሚያደርግ ኮምፒውተር ሲቀርብልኝ በዚሁ ሥርዓት አስባለሁ፦ የመብራቱ መዋዠቅ ይሆናል፤ አንድም የፓወር ሰፕላዩ መድከም፤ አንድም የራሙ በቦታው አለመጽናት፤ አንድም አቧራና ሙቀት፤ አንድም የሃርድ ዲስኩ ማርጀት፤ አንድም የድራይቨሮች አለመስማማት ይሆናል። የእኔ አንድምታ ግን በአእምሮ ተከማችቶ የሚቀር ሳይሆን፣ በፈተና እየተጣራ በመጨረሻ ወደ አንዱ መውረድ ያለበት ነው።

ለማጣሪያው የመጀመሪያው መሣሪያ ባለቤቱ የሚይዘው ደብተር ነው። ኮምፒውተሩ የቆመበትን ቀንና ሰዓት፣ በዚያን ጊዜ የተከፈተውን ፕሮግራም፣ የቤቱ አምፖል ብልጭ ማለት አለማለቱን፣ ዝናብ መኖሩንና በቤት ውስጥ የሚሠራውን ሌላ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ እንዲጽፍ እለምነዋለሁ። አንድ ጊዜ ኮምፒውተራቸው ራሱን ሪስታርት እያደረገ ያስቸገራቸው አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር እንዲህ ያለ ደብተር በንጹሕ እጅ ጽሑፍ ሞልተው አመጡልኝ፤ ባየውም ብልሽቱ የሚደርሰው ረቡዕና ቅዳሜ፣ ያውም ረፋዱ ላይ ብቻ ነበር። «መምህር፣ በእነዚህ ቀኖች ረፋድ ላይ በቤት ምን ይሠራል?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ ጥቂት አስበው «ልጄ፣ እንጀራ የሚጋገርበት ሰዓት ነው» አሉኝ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚወስድ ዕቃ ነው፤ በ220 ቮልት ሲታሰብ ወደ 15 አምፔር ያህል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ኀይል ከቆጣሪ ጀምሮ በቀጭን ሽቦ ሲሳብ፣ ከዚያው መስመር በዲቫይደር የተሰካው ኮምፒውተር የሚደርሰው ቮልት ይወርዳል። ከቤታቸው ሄጄ መልቲሜትሩን ሶኬቱ ላይ ብይዘው፣ ቀድሞም 220 ያልሞላው መብራት ምጣዱ ሲሰካ ከ180 በታች ወረደ፤ በፓወር ሰፕላዩ ጎን ላይ ግን ከ200 እስከ 240 ቮልት የሚል ተጽፏል። ኮምፒውተሩ አልተበላሸም ነበር፤ የሚበቃውን ኀይል በተነፈገ ጊዜ መቆሙ ነው። ለምጣዱ ከቆጣሪው የተለየ ወፍራም መስመር ተዘረጋ፤ ብልሽቱም ቆመ።

ሰው ሁሉ አምፖሉ ብልጭ ካላለ መብራቱ ደኅና ነበር ብሎ ስለሚያምን፣ በዚህ ነገር ጥቂት መዘግየት ይገባኛል። የአገራችን መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ አንዱ ምልልስ 20 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጃል። ደኅና ፓወር ሰፕላይ መብራት ቢቋረጥበት በውስጡ ካፓሲተሮች ባጠራቀመው ኀይል ኮምፒውተሩን ሊያቆይ የሚችለው 17 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ነውና፣ ዐይናችን ለማስተዋል የሚቸገረው መቋረጥ ኮምፒውተሩን ለማጥፋት ይበቃል። ካፓሲተሮቹ ባረጁ ጊዜ ይህች ትንሽ ዕድሜ ደግሞ ታጥራለች፤ በተለይ ከ1990ዎቹ ማብቂያ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ በፈረንጆች ዘመን ከተሠሩት ብዙዎቹ ኤሌክትሮላይታቸው ጉድለት ስለነበረበት አናታቸው እያበጠ ይፈነዳ ነበር። ብዙ ሰው ለዚህ መድኀኒት ብሎ ስታቢላይዘር ይገዛል፤ ስታቢላይዘር ግን የወረደውን ቮልት ከፍ ያደርጋል እንጂ የተቋረጠውን አይተካም፤ ሪሌው ሲቀያይርም ራሱ ለቅጽበት የሚያቋርጥ አለ። የሚያስፈልገው ባትሪው ያልሞተ ዩፒኤስ ነው። ላፕቶፕ በዚህ ብልሽት እምብዛም የማይጠቃውም ባትሪውን ከራሱ ጋር ይዞ ስለሚኖር ነው።

ከመብራቱ ቀጥሎ ቦንጋ ባለችበት በከፋ ምድር የምንጠረጥረው እርጥበትን ነው። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበው፣ ጫካ ቡና በዛፎቹ ጥላ ሥር የሚበቅልበት ደናችን በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይቀበላል፤ ይህ ለምድራችን በረከት የሆነ ጠል በብረት ላይ ግን ሥራውን ይሠራል። ክረምቱን ሳይከፈት የከረመ ኮምፒውተር በመስከረም ሲነሣ የራሙ እግሮችና መሰኪያው ስስ ዝገት ይይዛቸዋል፤ አንዳንድ ጊዜ ይገናኛሉ፣ አንዳንድ ጊዜ አይገናኙም፤ ሙቀትም ሲዘረጋቸውና ሲሰበስባቸው ግንኙነቱ ይለዋወጣል። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅሎ፣ ራሙን አውጥቶ፣ እግሮቹን በላጲስ በቀስታ ፈትጎ፣ ብናኙን ጠርጎ መልሶ በጥብቅ መሰካት ምንም ወጪ የሌለበት ሥራ ነው፤ ብዙ ኮምፒውተር በዚህ ብቻ ተፈውሶ ወጥቷል።

ሙቀትም አለ። ቦንጋ ከባሕር ወለል ወደ 1,700 ሜትር ከፍ ስላለች አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በመቶ 15 ያህል የሳሳ ነው፤ ፋኑም በዚያው መጠን የሚያቀዘቅዝበት አየር ይጐድልበታል። ኮምፒውተሩ ቡና በሚቆላበትና ዕጣን በሚጤስበት ሳሎን የተቀመጠ እንደ ሆነ፣ ጢሱ ከአቧራው ጋር ተዋሕዶ በሂት ሲንኩ ክንፎች መካከል እንደ ስሜንቶ ይጋገራል፤ ይህን በአየር መንፊያ ብቻ ማስለቀቅ አይቻልም፤ ተፈትቶ፣ ተጠርጎ፣ ቴርማል ፔስቱም ታድሶ መታሰር አለበት። ሃርድ ዲስኩን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው፤ የስማርት መዝገቡ የተተኩ ወይም ለመተካት የሚጠባበቁ ሴክተሮች እየበዙ መሄዳቸውን ካሳየ፣ ከምርመራው ሁሉ በፊት የባለቤቱ ፋይል ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጥ።

ስለ ራም ግን ጥቂት ልጨምር። ሮበርት ዴናርድ እ.ኤ.አ. በ1968 የባለቤትነት ፈቃድ ያገኘበት የዚህ ማስታወሻ ጥበብ እያንዳንዱን ቢት በጥቂት የኤሌክትሪክ ሙል የሚያኖር ስለሆነ፣ ሙሉ እየፈሰሰ ይሄዳል፤ በየ64 ሚሊ ሴኮንዱም መታደስ ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ1978 የኢንቴል ተመራማሪዎች ምክንያቱ ያልታወቀ የማስታወሻ ስሕተት ባስቸገራቸው ጊዜ፣ ከቺፑ መሸፈኛ ከሚወጣ የአልፋ ጨረር የመጣ መሆኑን ደረሱበት፤ እጅግ ስውር የሆነው ስሕተት እንኳ በትዕግሥት ሲመረመር ምክንያቱ ተገኘ። እኛ በእጃችን ያለው መሣሪያ ክሪስ ብሬዲ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው ሜምቴስት 86 ነው፤ ማታ ተነሥቶ እስኪነጋ ቢሠራ መልካም ነው፤ መብራት ግን ሌሊቱን ላይቆይ ስለሚችል በዩፒኤስ ላይ መሰካት ያስፈልገዋል።

የመጨረሻው ሥራ መድኀኒቱን መፈተን ነው፤ ደንበኛና ጠጋኝ የሚጣሉትም በዚህ ነው። ኮምፒውተሩ በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ይቆም ከነበረ፣ ሁለት ቀን በሰላም መሥራቱ ምንም አያስረዳም፤ ቢያንስ ዘጠኝ ዐሥር ቀን ሳይቆም መዋል አለበት። በዚያም ጊዜ ውስጥ ከአንድ ነገር በላይ መለወጥ አይገባም፤ ራምና ፓወር ሰፕላይ በአንድ ቀን ከተለወጡ፣ ብልሽቱ ቢጠፋም የጠፋው በየትኛው እንደ ሆነ ማንም አያውቅም፣ ደንበኛውም የሁለቱን ዋጋ ይከፍላል። እኔ ከዚህም አልፌ፣ በአዲስ ራም ደኅና የሰነበተውን ኮምፒውተር አሮጌውን ራም እግሩን ጠርጌ መልሼ እሰካበታለሁ። ብልሽቱ ከተመለሰ ራሙ ሞቷል፤ አዲሱ ይገዛ እላለሁ። ካልተመለሰ ግን ጥፋቱ የዝገቱ ነበርና፣ ደንበኛው አዲሱን ራም ሳይገዛ የጽዳቱን ዋጋ ብቻ ከፍሎ ኮምፒውተሩን ይወስዳል።