ሴራው የማን ነው?

በሥነ ጽሑፍ ሒስ ውስጥ አንድ ሁለት ፊት ያለው ቃል አለ፤ «ሴራ»። ሐያሲ የልብ ወለዱን የድርጊት ሰንሰለት «ሴራ» ይለዋል፤ ዳኛ ደግሞ ሰዎች ተደብቀው የመከሩትን ምክር «ሴራ» ይለዋል። ለጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ስማር ነገሩ አስቆኝ አልፎ ነበር። ባለፈው ክረምት ግን ዘመሮ፣ ከአክስቴ ምድጃ ዳር ተቀምጬ ሳለሁ ሁለቱ ትርጉሞች አንድ ላይ መጡብኝ።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ ያሳደገችኝም እሷ ስለሆነች አንቱ ብያት አላውቅም። ዕድሜዋ ከሰባ አልፏል። የልጅ ልጇ አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ ትኖራለች። ያን ሰሞን ልጅቷ ልታገባ ነበርና አያቷን በስልክ ለማስፈቀድ (ወይም ለማስታወቅ፤ ልዩነቱ ኋላ ይመጣል) እኔን አስተርጓሚ አደረገችኝ። ሰርጉ አዳራሽ የለውም፤ ሚዜም ሽማግሌም የለውም። ከእጮኛዋ ጋር ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ገብተው፣ ጎህ ሲቀድ፣ ከአንድ ፎቶግራፍ አንሺ በቀር ሰው በሌለበት ሊጋቡ አቅደዋል። በዚያ አገር የዚህ ዓይነቱ ጋብቻ መጠሪያ ድሮ ልጃገረድ በሌሊት ከወደደችው ጋር ስትጠፋ ይነገር የነበረው ቃል ነው። ዛሬ ድግስ የሌለው የሁለት ሰው ሰርግ ማለት ሆኗል። «በአማርኛ ምን ይባላል?» አለችኝ። «ኩብለላ» አልኳት፤ ሌላ ቃል ቸገረኝ።

አክስቴ በጥሞና ጠየቀች። ቦታውን ማን ይመርጣል? ፓርኩ ለጋብቻ ከለያቸው ቦታዎች አንዱን ተጋቢዎቹ ይመርጣሉ። ዝም ብሎ መግባት ይቻላል? አይቻልም፤ አስቀድሞ ማመልከቻ ቀርቦ፣ ገንዘብ ተከፍሎ፣ ፈቃድ በእጅ መያዝ አለበት። የሰዉ ቁጥርም ይወሰናል። ቄሱስ? የኮሎራዶ ሕግ ቄስም ዳኛም ሳይቆም ሁለቱ ራሳቸው ተፈራርመው እንዲጋቡ ይፈቅዳል። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «ለሹም አመልክተው የሚኮበልሉ ዘንድሮ ሰማሁ!» አለች።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ድንገት፣ «ለእኔ የፈቀደልኝ ጓሳው ነው» አለችኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ስለ ጓሳ ልናገር። በመንዝ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ብሎ የተዘረጋ፣ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን የሣርና የጅብራ አገር ነው። ጭላዳ በመንጋ ይሰማራበታል፤ ቀይ ቀበሮ አይጥ ያድንበታል። ብሔራዊ ፓርክ አይደለም፤ ሕዝቡ ራሱ የሚጠብቀው ጥብቅ ሥፍራ ነው። ጥበቃውም የዛሬ አይደለም። አስቦና ጌራ ከሚባሉት ቀደምት አባቶች የሚወለዱ ባለመብቶች ለዘመናት «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ጠብቀውታል (ስሙን በቅርብ ዓመታት ከሰማነው ቄሮ ጋር አያምታቱብኝ)። አለቆቹ ጓሳውን ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጉታል፤ በዚያ ጊዜ ሣር ማጨድም ከብት ማሰማራትም ክልክል ነው። ሣሩ ሲደርስ፣ አብዛኛውን ጊዜ በበጋው እምብርት፣ ይከፈታል። መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከዚያ ከብት ይገባል፤ ክረምቱ ሲመጣ መልሶ ይዘጋል። የጓሳ ሣር የቤት ክዳን ነው፤ ገመድም ነው፤ መጥረጊያም ነው። ይህ ሥርዓት እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ቆይቷል።

ስለዚህ ጓሳ የተከፈተ ዕለት መንዝ ወደ ጓሳ ይተማል። ማጭድና ጠፍር የያዘች ሴት «ወዴት ነሽ?» ተብላ አትጠየቅም። የአክስቴ ሴራ የተሠራው በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በልጅነቷ ተድራ፣ ትዳሩ አልሆን ብሎ አባቷ ቤት ተመልሳ ነበር። አባቷ ሁለተኛ ሊድራት ከአንድ ባለ ርስት ጋር ቃል ጨርሷል፤ ከሁለቱም ወገን የሚቀርበው ከብት ሳይቀር ተቆጥሯል። እሷ ግን የወደደችው አንድ የይፋት ሰው ነበር፤ በግ ሊገዛ ሲመላለስ የተዋወቁት። «እንጥፋ» ያለችው እሷ ናት። እሱ በማግስቱ ሌሊት እንሂድ ብሎ ነበርና ከለከለችው። ጓሳው እስኪከፈት ሁለት ዓመት አስጠበቀችው!

ሁለት ዓመት። ልብ በሉልኝ። እንደምንም ብላ ሠርጉን በሕመምና በስለት እያሳበበች አዘገየች። ጓሳው የሚከፈትበት ጊዜ ሲቃረብ ጌራ ያሉ ዘመዶቻቸው ዘንድ ሣር ላግዛቸው ብላ አስፈቀደች፤ የሣሩ መብት የእነሱ ነበርና። በሶ አስፈጨች፤ ለአጫጆች ስንቅ ነው ተባለ። ሁለት ቀሚስ ደርባ ለበሰች፤ ብርድ ነው ተባለ። ባናዋን ግን ጥላ ሄደች፤ ባና የያዘች ሴት አዳር ያሰበች ናት። ከቤተሰቡ የነገረቻት አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ የስምንት ዓመቷ እናቴ። እናቴ እንድትናገር የታዘዘችው አንድ ቃል ነው። ማታ ሲጠይቋት «እነ እትዬ ዘንድ ታድራለች ብለዋል» እንድትል። ይህች ቃል አንድ ሌሊት ገዛች። አክስቴ ግማሽ ቀን ሣር ስታጭድ ውላ፣ ጭጋጉ ሲወርድ ነዶዋን አስራ ለዘመዶቿ ትታ፣ ወደ ገደሉ ጫፍ ሄደች። እሱ ከታች ይጠብቅ ነበር። ጎህ ሲቀድ ይፋት ቁልቁለት ላይ ነበሩ።

እኔ ይህን ታሪክ እስከ ባለፈው ክረምት አላውቀውም ነበር። የማውቀው ሌላ ታሪክ ነው። በእኛ ቤተሰብ አክስቴ «የተጠለፈች» ናት። ከዓመት በኋላ ሽማግሌ ገብቶ እርቅ ሲወርድ፣ ባሏ ከአባቷ እግር ሥር ወድቆ «ጠልፌያለሁ» አለ፤ ካሣም ከፈለ። አባቷ ልጁ የከዳችው አባት ከሚባል ልጁን የተቀማ አባት ቢባል መረጠ፤ ሽማግሌዎቹም አወቁ፤ ባልየውም አወቀ፤ ሁሉም ተስማሙበት። ዶናልድ ሌቪን የመንዝ ገበሬ መካከል ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1965 ላሳተመው መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» የሚል ርእስ የሰጠው ያለ ነገር አይደለም፤ ሰሙ ጠለፋ፣ ወርቁ ኩብለላ። የሁለት ዓመት ሴራዋ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ለባሏ ተሰጠ። እሷ በዚያ እርቅ ላይ እንድትናገር አልተጠየቀችም።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ ልመለስ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ እሱ ነውና።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያላነበበ ቢኖር እንኳ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ያልሰማ በወላጆቼ ዕድሜ ብዙ የለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ ልብ ወለድ ሲነሣ ወሬው በአብዛኛው በሁለት መንገድ ይሄዳል። አንዱ የፊውዳሉን ሥርዓት ያጋለጠ ድርሰት ነው ይልና ፊታውራሪ መሸሻንና ጉዱ ካሣን ይጠራል፤ ሌላው የሚያስለቅስ ፍቅር ነው ይልና በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ይጠራል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። አክስቴ ግን ትረካውን በሬዲዮ የሰማችው በሦስተኛ ጆሮ ነው፤ በባለሙያ ጆሮ። ፍርዷ አጭር ነው። «በኩብለላ አንዱ ይሄዳል፣ አንዱ ይጠብቃል። ሁለቱም ከተነሡ መንገድ ነው የሚበላቸው።»

መጀመሪያ ሳቅሁ። አዲስ አበባ ስመለስ ግን መጽሐፉን እንደገና አነበብሁት፤ እውነቷን ነው። በዛብህ ቀድሞ ወደ አዲስ አበባ ሸሸ፤ ኋላ ሊወስዳት ሲመለስ ሽፍቶች ደበደቡት፤ እሷ ደግሞ እሱን ፍለጋ ከዲማ ወጥታ ስትጓዝ ጎሐ ጽዮን ላይ ሊሞት ሲያጣጥር አገኘችው። ሁለቱም ተነሡ፤ መንገድ በላቸው። እኛ ይህን «ዕጣ» እንለዋለን፤ አክስቴ «የሴራ ጉድለት» ትለዋለች። ማን ነው የተሻለ ሐያሲ?

ይልቅ በሁለተኛው ንባቤ ያየሁት ሌላ ነገር አለ። በዚያ ግዙፍ መጽሐፍ ውስጥ ሁሉም ሰው በሌላ ሰው ሴራ ውስጥ የሚኖር ነው። የበዛብህን ሕይወት ገና ከጅምሩ ወላጆቹ በስለት ጽፈውታል፤ የሰብለን ጋብቻ አባቷ በዘር ኩራት ጽፎታል፤ ሲቸግራቸው ደግሞ የሚያስብላቸው ጉዱ ካሣ ነው። ሰብለ የራሷን ሴራ በእጇ የያዘችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የወንድ መነኩሴ መስላ ከአባቷ ቤት በወጣች ጊዜ። ለእኔ የመጽሐፉ ምርጥ ክፍል ይህ ነው። ከደጅ ብቻዋን ወጥታ የማታውቅ የፊታውራሪ ልጅ ማን ተብላ እንደምትጠራ፣ ምን ለብሳ እንደምታልፍ ራሷ ትወስናለች። (ሴት ልጅን ወንድ አስመስሎ መንገድ ማስገባት በአማርኛ ልብ ወለድ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያለ ነው፤ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተሙት ድርሰት ላይ ጦቢያም ወንድ መስላ ተጉዛለች።) አንባቢ መንኩሳ፣ ዲማ፣ ጎሐ ጽዮን እያለ ቦታዎቹን በቃሉ የሚያውቀው ከእሷ ጋር ስለተጓዘ ጭምር ይመስለኛል።

ታዲያ ደራሲው ምን አደረጉ? ሰብለ ከደረሰች በኋላ ሴራውን ከእጇ ወሰዱባት። በዛብህ ሞተ፤ እሷም መነኮሰች። ለማታለያ የለበሰችው ልብስ እውነተኛ ልብሷ ሆነ! ይህ ታላቅ የድርሰት ጥበብ ነው፤ አልክድም። ስንቶቻችን እንዳለቀስን አውቃለሁ፤ እኔም አልቅሻለሁ። ነገር ግን እንደ አንባቢ ሳይሆን እንደ አክስቴ ልጅ ሳነበው አንድ ቅሬታ አለኝ። በአማርኛ እጅግ የተወደደው ኩብለላ፣ ያቀደችው ሴት ለማቀዷ ቅጣት የምትቀበልበት ኩብለላ ነው። ጥሩ አቅዳ የደረሰችዋ፣ ወልዳ ከብዳ ምድጃ ዳር የምትስቀዋ ሴት ልብ ወለድ አላገኘችም። «ተጠለፈች» ተብላ በቤተሰብ ወሬ ቀርታለች።

ይህ የቃል ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልደከምሁ። ነገር ግን ጠለፋና ኩብለላ መደባለቃቸው ሕግም ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕጋዊ ጋብቻ ካገባት ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። ማለትም ሕጉ ነገሩን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አነበበው፤ ጋብቻ ከሆነ ፍቅር ነበረ ማለት ነው አለ። ይህ በር የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም «ድፍረት» (በነገራችን ላይ እሱም ሁለት ፊት ያለው ቃል ነው) የቆመው በዚህ በር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካች ሽልማት ያገኘው ይህ ፊልም የ14 ዓመቷን ሂሩትን ከትምህርት ቤት መንገድ ላይ ሲጠልፏት ያሳየናል። ጠላፊዋን ተኩሳ ትገድላለች፤ ጠበቃዋ መዓዛም ትቆምላታለች። ፊልሙ ከችሎቱ ይልቅ በመንደሩ ሸንጎ ትዕይንት ላይ ይበረታል። ከዛፍ ሥር የተቀመጡት ወንዶች ተራ በተራ ሲናገሩ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ለሟቹም ለልጅቷም ታሪክ እየሠሩላቸው ነው። አክስቴን ያስታረቋት ሽማግሌዎችም ልክ እንደዚህ የተቀመጡ ይመስለኛል። ልዩነቱ አንዷ ያልፈለገችውን ፍቅር፣ ሌላዋ የፈለገችውን ጠለፋ ብለው መጥራታቸው ነው። ሁለቱንም አልጠየቋቸውም።

ፊልሙን ለአክስቴ በስልኬ አሳየኋት። ሂሩት መሣሪያውን ስታነሣ «አበጀሽ!» አለች፤ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አልተናገረችም። ሲያልቅ፣ «እኔን እንደዚህች ልጅ ነው የጠሩኝ?» አለችኝ። በእርቁ ጊዜ ለአባቷ ክብር ስትል ዝም ማለቷን እንጂ ቃሉ ምን እንደሚሸከም ያሰበችው ያን ምሽት ይመስለኛል።

የዴንቨሯ ልጅ ሁለተኛ ስትደውል አክስቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። «ሄደሽ የሚጠብቅሽ ማን ነው?» አለቻት። ልጅቷ፣ «አብረን ነው የምንሄደው፣ እማማ» አለች። «ከማንስ ነው የምትሸሹት?» ዝምታ ሆነ። ከዚያ ልጅቷ ፈራ ተባ እያለች ተናገረች። የሰርጉን አዳራሽ፣ የተጠሪውን ብዛት፣ የቀሚሱን ቀለም ሳይቀር ሌሎች ሰዎች ወስነው ጨርሰዋል፤ እናቷ ለሁለት ዓመት አላናገረቻትም። የሁለት ሰው ሰርጉ የፎቶግራፍ ፋሽን መስሎኝ የነበርሁት እኔ አፈርሁ። አክስቴ ግን ወዲያው ገባት። ስለ ብርዱ ጠየቀቻት፤ ተራራው ላይ ጎህ ሲቀድ ምን እንደምትደርብ፣ ምን ቀምሳ እንደምትወጣ። «በሶ እልክልሻለሁ» አለች፤ ላከችም።

ያን ማታ የመጨረሻ ጥያቄዬን ጠየቅኋት። ያጨደችው ሣርስ የት ደረሰ? ዘመዶቿ ከነማጭዷ በአህያ ጭነው አባቷ ደጅ አራገፉት። አባቷ በንዴት ሊያቃጥለው ብሎ ነበር አሉ፤ ነገር ግን የጓሳ ሣር ነው፤ ጓሳውም መቼ እንደገና እንደሚከፈት ማን ያውቃል። በዚያው በጋ ቤቱን ከደነበት። እናቴ ያደገችው ከዚያ ክዳን ሥር ነው።