የግድግዳው ሥዕል ስም ያስተምራል፤ ሕመምን ግን አያስተምርም

በዚህ ዓምድ የምንገመግመው የትምህርት መርጃ አዲስ አይደለም፤ መምህራንም ተማሪዎችም ታውቁታላችሁ። በባዮሎጂ ክፍል ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠለው፣ በመማሪያ መጽሐፍም በትንሹ ተስሎ የሚገኘው የወንድ የመራቢያ አካላት ሥዕል ነው። አንድ ሰው ከወገቡ እስከ ጭኑ፣ በጎን በኩል ለሁለት ተሰንጥቆ ይታያል። ፊት የለውም፣ እግርም የለውም። ከየአካሉ መስመር ይወጣና ጫፉ ላይ የእንግሊዝኛ ስም ተጽፏል። መምህሩ በዱላ ያሳያል፣ ተማሪው ደብተሩ ላይ ይገለብጣል፣ ፈተና ሲመጣ ክፍት ቦታውን ይሞላል። አለቀ።

ሥዕሉ ይቀደድ ለማለት አይደለም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ በዚህ ሥዕል የተማረ ልጅ የገዛ አካሉን አወቀ ወይ?

መጀመሪያ መልካሙን እንናገር። ሥዕሉ መንገድ ያሳያል። የዘር ፍሬው ቆለጥ ውስጥ ተሠርቶ፣ በቱቦ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ከዘር እጢዎችና ከፕሮስቴት ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ፣ በመጨረሻ ሽንት በሚያልፍበት ቱቦ እንደሚወጣ በአንድ እይታ ይገባል። ፕሮስቴት ከፊኛ በታች የሽንት ቱቦውን እንደ ቀለበት ከቦ መቀመጡንም ያሳያል። ጎበዝ መምህር እዚች ላይ ቆም ብሎ «አያታችሁ ሌሊት አራት ጊዜ እየተነሡ ሽንት እምቢ የሚላቸው ለምን ይመስላችኋል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ፕሮስቴት ከዕድሜ ጋር ሲያብጥ ቱቦውን ይጫነዋል፤ ይህም የሚታከም ነገር ነው። ደግሞም ሥዕሉ ብልት ውስጥ አጥንት አይስልም፤ ልክ ነው፣ የለም። የሚቆመው ስፖንጅ የመሰለው ሥጋ ደም ሲሞላ ነው። ይህንን ያለ ሳቅና ያለ ስድብ ማቅረብ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ጉድለቱ የሚጀምረው ከአሣሣሉ ነው። በጎን ስለተሰነጠቀ የሚታየው አንድ ቆለጥ ብቻ ነው። ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ «ቲቸር፣ ሌላውስ?» ቢል ክፍሉ ይስቃል፤ ጥያቄው ግን የዋዛ አይደለም። ሁለት ናቸው፤ አንዱ፣ ብዙ ጊዜ የግራው፣ ከሌላው ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል። ይህ በሽታ አይደለም። ስንት ልጅ በዚህ ብቻ «እኔ ጎደሎ ነኝ» እያለ በልቡ ይሰጋል! ከሰውነት ውጪ የተንጠለጠሉበት ምክንያትም ሥዕሉ ላይ የለም። ዘር በደንብ የሚሠራው ከሰውነት ሙቀት በ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ዝቅ ባለ ቦታ ስለሆነ ነው። ለዚህ ነው ከረጢቱ በብርድ የሚሰበሰበው፣ በሙቀት የሚላላው።

ሁለተኛ፣ ሥዕሉ ጊዜን አያውቅም። ሁሉም ነገር ቆሟል። ዘር ግን ተሠርቶ እስኪያልቅ ከሁለት ወር በላይ ይወስዳል። በሥዕሉ ላይ እንደ ትንሽ ጭረት የምትታየው ኤፒዲዲሚስ ብትዘረጋ 6 ሜትር ገደማ ትሆናለች፤ ዘሩ የሚበስለው እዚያ ውስጥ ነው። ይህ ለፈተና ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በወባ ትኩሳት የተንገበገበ ሰው ለጥቂት ሳምንታት የዘር መጠኑ ሊቀንስ እንደሚችል ለመረዳት ያግዛል። ከዚህም ሌላ ጉዳይ ይከተላል። በየሰፈሩ ልጅ ያልወለደች ሴት «መካን» ትባላለች፣ ሴት ልጆች ብቻ የወለደች ትወቀሳለች። ነገር ግን ልጅ ላላገኙ ባልና ሚስት ግማሽ በሚሆኑት ላይ የወንዱም ችግር አለበት። የልጁን ጾታ የሚወስነውም የአባትየው ዘር ነው፤ ኤክስ ይዞ ከመጣ ሴት፣ ዋይ ይዞ ከመጣ ወንድ። የግድግዳው ሥዕል ቱቦው ጫፍ ላይ ሲደርስ ያበቃል፤ የእናቶች እንባ የሚጀምረው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

ሦስተኛው ጉድለት ቋንቋ ነው፤ በእኔ ግምት ይህ ከሁሉም ይከፋል። ስሙ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፣ መምህሩ ሲያስረዳ ወደ «ያ ነገር» እና ወደ «ዕቃው» ይሸሻል። ተማሪው እንግሊዝኛውን ለፈተና ይይዛል፣ የአፍ መፍቻውን ቃል ደግሞ የሚሰማው በስድብ ብቻ ነው። ታዲያ ያመመው ቀን ክሊኒክ ሄዶ ምን ይበል? «ሆዴን» ይላል። አስተርጓሚዋ የጎረቤት ልጅ ወይም እህቴ የሚላት ከሆነች ደግሞ ያንንም በግድ ነው የሚናገረው። ቆለጥ፣ የዘር ከረጢት፣ ሸለፈት፣ የሽንት ቱቦ የሚሉት ስድብ አይደሉም፤ ስም ናቸው። አማርኛ ተናጋሪው ብቻ አይደለም፤ ክፍላችን ውስጥ ሶማሊኛም፣ ኦሮምኛም፣ ዲንካም፣ ኑዌርም አለ። ሥዕሉ ለሁሉም እኩል ዝም ይላል።

አራተኛው፣ ሥዕሉ ሕመምንና ሰዓትን አያስተምርም። ይኼ ደግሞ ሕይወት ነው። አንድ የ14 ዓመት ልጅ ሌሊት በአንድ ቆለጡ በድንገተኛ ኃይለኛ ሕመም ቢነቃ፣ ቢያስመልሰው፣ ከረጢቱ ቢያብጥ፣ ቆለጡ በተንጠለጠለበት ገመድ ዙሪያ ተጠምዝዞ ደም ተቋርጦበት ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በጉርምስና ዕድሜ ነው። በ6 ሰዓት ውስጥ በቀዶ ሕክምና ከተፈታ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ግን ማዳን እምብዛም አይቻልም። እስኪነጋ ልጠብቅ፣ እናቴ አትስማ፣ ያልፍልኛል ያለ ልጅ የሚከፍለው ዋጋ ይህ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?

ሌሎችም ምልክቶች አሉ። ጀሪካን ሲሸከም ብሽሽቱ ላይ ወይም ከረጢቱ ውስጥ የሚያብጥ፣ ሲተኛ የሚመለስ እብጠት ቡአ ሊሆን ይችላል፤ ካልተመለሰና ካመመ፣ ማስመለስም ከተጨመረበት፣ ያው ድንገተኛ ነው። ሽንት ሲሸና ማቃጠልና መግል ጨብጥ ሊሆን ይችላል፤ ከሱቅ ሁለት ሦስት ፍሬ ካፕሱል ገዝቶ መዋጥ በሽታውን ለመድኃኒት ማለማመድ ነው፤ ጓደኛም አብራ መታከም አለባት። ደም የቀላቀለ ሽንት በአዋሽ ሸለቆ ቆላም ሆነ በኩርሙክ አካባቢ ላደጉ ልጆች ብዙም አያስደነግጥም፤ ቢልሃርዝያ ነው፣ በፕራዚኳንቴል ይታከማል፣ ዝም ብሎ መኖር የለበትም።

ጉርምስና ውስጥ የሚመጣውንም ሥዕሉ አያነሣም። ሕልመ ሌሊት የመጣበት ልጅ «ረከስኩ» ወይም «አቅሜ ፈሰሰ» ብሎ ይጨነቃል። የእምነቱን ሥርዓት ከአባቶቹ ይጠይቅ፤ በጤና በኩል ግን የማደግ ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም። የአንዳንድ ወንዶች ጡት ትንሽ አብጦ ማመሙም እንዲሁ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል።

ግርዛት ላይ ሥዕሉ ጭራሽ ዝም ነው፤ ሸለፈት ያለው ይሁን የሌለው ሳይለይ ይስላል። በካኩማ ዙሪያ ያሉ ቱርካናዎች፣ በጋምቤላ አኝዋኮችና ኑዌሮች በልማድ አይገርዙም፤ የቀረው ኢትዮጵያዊ አብዛኛው ይገርዛል። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለቱም ጎን ለጎን ሲቀመጡ መሳለቅ አይቀርም። እውነቱ ይህ ነው፦ በደቡብ አፍሪካ ኦሬንጅ ፋርም፣ በኬንያ ኪሱሙና በኡጋንዳ ራካይ የተደረጉ ጥናቶች ግርዛት ወንዱን ከሴት በሚተላለፍ ኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድሉን በ60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይህን መከላከያ አድርጎ መክሯል። 60 በመቶ ግን 100 አይደለም። የተገረዘ «እኔን አይነካኝም» ብሎ ኮንዶም ቢጥል ተሳስቷል፤ ያልተገረዘውም ርኩስ አይደለም።

አንድ የሚከብድ ነገር ይቀራል። በስደት መንገድ፣ በእስር ቤት፣ በካምፕ ውስጥም ወንዶች ልጆች ይደፈራሉ። የክፍላችን ትምህርት የወንድን አካል ሁልጊዜ የሚያደርግ እንጂ የሚደረግበት አድርጎ አያቀርብም። ስለዚህ የተደፈረ ልጅ ለደረሰበት ነገር ስም የለውም። አካሉ በፍርሃት ወይም በመነካት ብቻ ምላሽ ሊሰጥ እንደሚችል፣ ይህም መፈለግ እንዳልሆነ ማንም አልነገረውም። በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ከደረሰ ኤች አይ ቪ የሚከላከል መድኃኒት ሊያገኝ ይችላል፤ ቢዘገይም ለሌላው ሕክምናና ለምክር መሄድ አለበት። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ይህን ለመናገር ሥዕል አያስፈልግም፤ ድፍረት ያለው መምህር ይበቃል።

አንዳንድ መምህራን ይህ ምዕራፍ ሲደርስ ሴቶችን ከክፍል ያስወጣሉ። ሐሳባቸው ክፉ አይደለም፤ ሳቁንና እፍረቱን ለመቀነስ ነው። ነገር ግን ሌሊት የታመመውን ልጅ ክሊኒክ ይዛ የምትሮጠው እናቱ ወይም እህቱ ናት። የማታውቀውን ሰዓት እንዴት ትቆጥረው?

እንግዲህ መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ሥዕሉ አጠገብ አንድ ባዶ ወረቀት ይለጠፍ፤ ተማሪዎች እያንዳንዱን አካል በየቋንቋቸው በጨዋ ቃል ይጻፉበት። ከሥሩ ሦስት መስመር ይጨመር፦ ድንገተኛ የቆለጥ ሕመም፣ 6 ሰዓት፤ የማይመለስ የሚያም ቡአ፣ ወዲያው፤ መደፈር፣ 72 ሰዓት። ስም ሳይጻፍ ጥያቄ የሚጣልበት ካርቶን ይቀመጥ፤ መምህሩ የማያውቀውን ለክሊኒክ ሠራተኛ አቅርቦ በሚቀጥለው ሳምንት ይመልስ። ፈተናውም ይለወጥ። «ይህን አካል ሰይም» ከማለት ጋር «ጓደኛህ እንዲህ ቢያመው ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ይጠይቅ። የመጀመሪያውን ማንም ይሸመድዳል፤ ማን እንደገባው የሚታወቀው በሁለተኛው ነው።